ከጎንደር ሸክላ እስከ ኢንዳክሽን ምድጃ፤ ስለ ፈጠራ ምርመራ

(በራዲዮ የተነገረ)



ሰው ወደ ጎንደር በሄደ ጊዜ አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው የፋሲል ግንብ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ከተማይቱን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቈሩ ወዲህ፣ በኖራ የተያያዘው ድንጋይ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ጎብኚው «ይህን ማን አሠራው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ፈጥኖ ይሰጠዋል፤ የንጉሡ ስም በታሪክ ተጽፎአልና። ነገር ግን «ማን ሠራው? ኖራውንስ እንዴት አድርጎ አቦካው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እንዲሁ በቀላሉ አይገኝም። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በጎንደር ሥራ ተካፋዮች እንደ ነበሩ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ ስም፣ የአሠራራቸውም ሥርዓት በብራና ላይ አልሰፈረም። የአሠሪው ስም በመጽሐፍ ሲቀር የሠሪው ጥበብ በመቃብር ቀረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ የሚነሣ ነው። ይኸውም አንድ ሰው አዲስ ነገር በፈጠረ ጊዜ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር እንዳይቀበር፣ እርሱም የድካሙን ዋጋ እንዳያጣ መንግሥታት ያቆሙት የፓተንት ሥርዓት፣ በተለይም የዚህ ሥርዓት ልብ የሆነው ምርመራ ነው። ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳያስቸግር ምሳሌያችንን ከማድ ቤት እናመጣለን፤ ምሳሌውም የኢንዳክሽን ምድጃና ለምድጃው ኀይል የሚያቀርበው ክፍል ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዙ ወለቃ የምትባል መንደር ትገኛለች። በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር። የትኛው አፈር ለምጣድ፣ የትኛው ለድስት እንደሚሆን፣ ጭቃው እንዴት እንደሚለፋ፣ በምን ያህል እሳት እንደሚተኰስ የሚታወቀው እናት ለልጅዋ በእጅዋ ስታሳያት ነበር። በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ እስራኤል በሄደ ጊዜ ከዕውቀቱ ብዙው አብሮት ሄደ። የሚያሳዝነው ደግሞ እንዲህ ያለውን ጥበብ የያዙ ሰዎች ለዘመናት ሲከበሩበት ሳይሆን ሲሰደቡበት መኖራቸው ነው። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የነቀፌታውን ስፋት ያሳያል።

ከምኒልክ በፊት ዐፄ ቴዎድሮስም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእደ ጥበብ ሰፈር አቋቁመው ነበር። በዚያም አውሮጳውያን ሚሲዮናውያንና የአገር ሠራተኞች አብረው ሠርተው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው አወጡ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የጋፋት እሳት ጠፋ። መድፉ በመቅደላ ቀርቶአል፤ ሌላ እንዲሠራበት ለተተኪው ትውልድ የሚያስተምር ጽሑፍ ግን አልቀረም። ዕቃ መውረስና ዕውቀት መውረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ያለ አይመስለንም።

በሌላው ዓለም ይህን ችግር ለማስወገድ የታሰበው ዘዴ አንድ ዓይነት ውል ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1474 የቬኒስ መንግሥት፣ በ1624 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ለፈጣሪ በጊዜ የተወሰነ ብቸኛ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጡ። ውሉ ውሎ አድሮ ሲጠራ ትርጉሙ እንዲህ ሆነ፤ ፈጣሪው ምሥጢሩን በጽሑፍ ለሕዝብ ይገልጣል፤ መንግሥትም ለተወሰኑ ዓመታት ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራበት ይጠብቅለታል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ዕውቀቱ የሁሉ ይሆናል።

ታዲያ ማንኛውም ሰው «እኔ ፈጠርሁ» ባለ ቍጥር መብት ሊሰጠው ይገባልን? የአሜሪካ መንግሥት ይህን በፈተና ተምሮታል። ከ1793 እስከ 1836 (እ.አ.አ.) በነበረው ሕግ ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻውን ተቀብሎ ከመመዝገብ በቀር ፈጠራው አዲስ መሆን አለመሆኑን አይመረምርም ነበር። ከዚህ የተነሣ የሌላውን ሥራ ገልብጦ የሚያስመዘግብ በዛ፤ አንዱ ፓተንት ከሌላው ጋር ተጋጨ፤ ክርክሩም ሁሉ በዳኞች ላይ ወደቀ። በ1836 የወጣው ሕግ ግን መርማሪዎችን ሾመ። ከዚያ ወዲህ ፓተንት የመዝገብ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፍርድ ሥራ ሆነ።

የዚህ ሥራ ክብር በወንበሩ ከፍታ አይለካም። አልበርት አይንሽታይን ከ1902 እስከ 1909 (እ.አ.አ.) በስዊስ አገር በበርን ከተማ የፓተንት ጽሕፈት ቤት መርማሪ ነበረ። የገባው በሦስተኛ ደረጃ ባለሙያነት ነው። ዓለምን ያስደነቁትን የ1905 ጽሑፎቹን ያወጣውም በዚያ ሥራ ላይ ሳለ ነው።

በአገራችን የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቍጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። ሥራውን በመጀመሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ይመራው ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ተቋቋመ፤ ዛሬም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሆኖ ይሠራል። በአዋጁ መሠረት ፓተንት የሚሰጠው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለ15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። መርማሪው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ አዲስ ነውን? የሙያው ሰው ሁሉ በቀላሉ ሊደርስበት ከሚችለው አልፎ የሄደ ነውን? በኢንዱስትሪ ሊሠራበት ይቻላልን?

አሁን ወደ ምድጃችን እንመለስ። ማይክል ፋራዴይ በ1831 (እ.አ.አ.) የሚለዋወጥ የማግኔት ኀይል በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አሳየ። የኢንዳክሽን ምድጃ መሠረቱ ይኸው ነው። ምድጃው ራሱ አይግልም፤ በመስተዋቱ ሥር ያለው የሽቦ ጥቅልል በድስቱ የብረት ቂጥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ የሚግለው ብረቱ ነው። በ1950ዎቹ (እ.አ.አ.) አጋማሽ በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ለሕዝብ ባሳየው ትርኢት ላይ በምድጃውና በድስቱ መካከል ጋዜጣ ተነጥፎ ውሃው ሲፈላ ጋዜጣው አልተቃጠለም።

ይህ እንዲሆን የሚያደርገው ኀይል አቅራቢው ክፍል ነው። ከግድግዳ የሚመጣው የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፤ ይህ ለዚህ ሥራ እጅግ ዝግ ያለ ነው። ስለዚህ ክፍሉ መጀመሪያ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥታ ጅረት ይለውጠዋል፤ ቀጥሎም ኀይለኛ ትራንዚስተሮች በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ እያበሩና እያጠፉ ወደ ጥቅልሉ ይልኩታል። ድስቱ ቢነሣ መላኩን ማቆም፣ ትራንዚስተሩ ቢግል ኀይሉን መቀነስ የክፍሉ ሥራ ነው።

እንግዲህ እንበልና አንድ የጎንደር ባለሙያ የኢንዳክሽን እንጀራ ምጣድ ሠርቶ አመለከተ። ችግሩ ቀላል አይደለም። ኢንዳክሽን ሸክላን አያግለውም፤ ስለዚህ ከሸክላው በታች ብረት ማልበስ ግድ ይሆናል። ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ጥቅልል ብቻ ቢደረግ መካከሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የተለመደው ምጣድ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ የቤቱ መስመርም ይጨነቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ የአገሩ ከፍታ አለ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃዎች በተለምዶ የሚታሰቡት ከባሕር ወለል እስከ 2,000 ሜትር ላለ ስፍራ ሲሆን፣ ጎንደር ከዚህ በላይ ናት፤ ደባርቅም ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ኀይሉ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታም በሽቦና በሽቦ መካከል በቀላሉ ይዘላል። በቈላና በባሕር ዳርቻ ደኅና የሚሠራው ክፍል በስሜን ደጋ ሊቃጠል የሚችለው ስለዚህ ነው።

ማመልከቻው ሦስት የመብት ጥያቄ ይዞ ቀረበ እንበል። አንደኛው፣ «ድስት ወይም ምጣድ ሲነሣ የሚያቆም ኀይል አቅራቢ» ይላል። መርማሪው የቀደሙ ጽሑፎችን ሲፈትሽ ይህ ከዚህ በፊት የታወቀ ሆኖ ያገኘዋል፤ አዲስ አይደለምና ይጥለዋል። ሁለተኛው፣ «ለደጋ አየር እንዲስማማ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት የሰፋ» ይላል። ይህ ምናልባት በዚህ ዓይነት ምጣድ ላይ ተጽፎ አይገኝ ይሆናል፤ ቢሆንም አየር ሲሳሳ ርቀትን ማስፋት በሙያው የታወቀ መድኀኒት ስለሆነ ማንም ሠራተኛ ይደርስበታል። ይህም ይወድቃል። ሦስተኛው ግን ኀይሉን በሦስት ጥቅልሎች መካከል በየተራ የሚያከፋፍልበትን ልዩ ሥርዓት ይገልጣል፤ በዚህም የቤቱ መስመር ሳይጨነቅ የእንጀራው ዓይን ከመካከል እስከ ዳር እኩል ይወጣል። መርማሪው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ሥርዓቱን በቀደሙት ጽሑፎች ውስጥ ካላገኘው፣ እነርሱንም ቢያጣምር የማይደርስበት ከሆነ መብቱ ሊሰጥ ይገባል። ነገር ግን ሌላው ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችል አኳኋን በዝርዝር መጻፍ አለበት፤ «ጥቅልሎቹ በብልሃት ይሠራሉ» ማለት ውሉን ማፍረስ ነው።

ስለዚህ ምርመራ እንቢታ ብቻ አይደለም፤ ገለባውን ከፍሬው መለየት ነው። አመልካቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትቶ ጥያቄውን ቢያጠብ ሥራው ይጸናለታል። ወደ ፓተንት ደረጃ ባይደርስም አዲስና ጠቃሚ ለሆነ አነስተኛ ፈጠራ ደግሞ አዋጁ የ5 ዓመት የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አዘጋጅቶለታል፤ እርሱም ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል።

መርማሪው ቸል ሲል ምን እንደሚደርስ በጤፋችን አይተነዋል። በ2003 (እ.አ.አ.) አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት አመልክቶ በ2007 የአውሮጳ ፓተንት አገኘ። የኢትዮጵያ ገበሬና ባልትና ዐዋቂ ለዘመናት የኖሩበት እህል በባዕድ አገር የአንድ ድርጅት ይዞታ መሰለ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ፓተንቱ ፈጠራዊ ብልሃት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ እስኪሽረው ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። መርማሪ ያልተገባ መብት ሲሰጥ ከሕዝብ ይወስዳል። ሕዝብም ዕውቀቱን ሳይጽፍ ሲቀር መርማሪው ባዕድ የሚፈትሸው መዝገብ ባዶ ይሆንበታል።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምትይዙ አድማጮቻችን ይህ ነገር የሌላ ሰው ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ከዳባት ወይም ከደባርቅ እጁ ጥላሸት የጠገበ ሠራተኛ፣ በተጣጠፈ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተነደፈ ሥዕል ይዞ ከበራችሁ ይቆም ይሆናል። ጽሑፉ ያልተስተካከለ፣ ማመልከቻው ማኅተም የጐደለው ሊሆን ይችላል። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያ ሰው ሳይመለስ ከቀረ የሚቀበረው ጥበብ የእርሱ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን ተቀብሎ ቀኑን በትክክል መመዝገብ፣ የጐደለውን ማሳየት፣ ከዚያም ያለ አድልዎ መመርመር ይገባል፤ የቀደመውንና የዘገየውን የሚለየው ያው የተመዘገበው ቀን ነውና።

የፋሲልን ግንብ የሠሩትን እጆች ስም ዛሬ ፈልገን ልናሟላ አንችልም። የነገውን ሠሪ ስም ከነሥራው መጻፍ ግን በእጃችን ነው።