ርጥቡን ሳያደርቁ ማየት

ቡልጋሪያ ሰፈርም ሆነ ካዛንቺስ፣ ከምጣድ የወጣ እንጀራ ሁለት ፊት አለው። ምጣዱን የነካው ጀርባ ልሙጥና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር እየሳሳ በዓይን ይጠናቀቃል። ለባልትና አዋቂዋ ዓይኑ የጥሩ አብሲት ምስክር ነው፤ ለኬሚስቱ ግን ስታርች ውሃ ጠጥቶ የረጋበት፣ ውስጡም ከታች ወደ ላይ የሚለዋወጥ አካል ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራው ግራዲየንት ሃይድሮጄልም የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው።

የእነዚህን አካላት ውስጥ የመመርመር ታሪክ ከውሃ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው። ቶማስ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1861 ኮሎይድን ከክሪስታሎይድ ከለየ በኋላ ለረጅም ጊዜ የጄል ውስጥ የተገመተው ከጠባዩ፣ ይኸውም ከማበጡና ከመለጠጡ ነበር። ኦቶ ቪኽተርሌና ድራሆስላቭ ሊም በ1960 ሃይድሮጄላቸውን ከፕራግ ሲያስተዋውቁም የተፈለገው ለሰውነት መስማማቱ እንጂ የውስጡ ምስል አልነበረም።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ዓይን የተከፈተ መሰለ። ይሁንና የተለመደው መሣሪያ የሚሠራው አየር በሌለበት ክፍል ስለሆነ፣ ናሙናው አስቀድሞ ቀዝቅዞ መድረቅ አለበት። ውሃው በረዶ ሲሆን የጄሉን መረብ ገፍቶ ቦታ ይይዛል፤ ሲተን ደግሞ ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። የጄሉ ቀዳዳ ተብሎ የታተመው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የበረዶው ማደሪያ ነበር። ከዚህም የከፋ አለ። ቅዝቃዜው በአንድ ወገን ከገባ፣ በቀዝቃዛው ጎን የበረዶው ክሪስታል አነስተኛ ሲሆን እየራቀ ሲሄድ ይተልቃል፤ ስለዚህ አንድ ወጥ የነበረው ጄል ደረጃ ያለው መስሎ ይታያል። ተመራማሪው የፈለገውን ራሱ ሠርቶ አገኘው ማለት ነው!

በእንጀራ ላይ የተደረገው ምርመራ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ፓርከር፣ መላኩ ኡመታና ፎልክስ በ1989 በጆርናል ኦቭ ሲሪያል ሳይንስ ባወጡት ጥናት፣ የጤፍ እንጀራ ስታርቹ በሙቀትና በውሃ ፈጽሞ ሟሙቶ በእንፋሎት የተነፋ ስፖንጅ መሆኑን፣ የገለባው ስብርባሪና የእርሾው ተዋሕስያንም በውስጡ ተይዘው መቅረታቸውን አሳዩ። የእንጀራ ዓይን ያለ መሣሪያም ስለሚታይ ማድረቁ አያሳስትም። በዓይንና በዓይን መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ርጥቡን በርጥብነቱ ለማየት ሌሎች መንገዶች ተከፍተዋል። ማርቪን ሚንስኪ በ1957 የፓተንት ማመልከቻ ያቀረበበት ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ፣ ቀለም የተነከረን ጄል ሳይቆርጥ ድርብ በድርብ ያነባል፤ እንጀራን በመሰለ ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ላይ ግን ከላይኛው ገጽ ብዙም አይዘልቅም። በ1986 የቀረበው አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ውሃ ውስጥ እንዳለ የእያንዳንዱን ስፍራ ጥንካሬ በሹል ጫፍ እየተጫነ ይለካል፤ አማካዩ የሚደብቀውን ልዩነት የሚያወጣውም ይህ ነው። ፖል ላውተርበር በ1973 ያሳየው የማግኔት ምስል ደግሞ ውሃውን ራሱን ያሳያል። ምስሉ ጎላ ያለውን እንጂ ደቃቁን መረብ አይለይም፤ ናሙናው ግን እንደረጠበ ይወጣል።