ጄ-2 የሮኬት ሞተር
ሮክዳይን፣ አሜሪካ። ነዳጁ፦ ፈሳሽ ሃይድሮጂን ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር።

ይህ ሞተር ከአፉ የሚተፋው ጥቁር ጢስ ሳይሆን የውሃ ተንና ያልተቃጠለ ሃይድሮጂን በመሆኑ፣ በምድር ላይ ቆሞ ለሚመለከተው ሰው እሳቱ ንጹሕ ይመስላል፤ በላይኛው ሰማይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግንቦት 6 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) ስካይላብ የተባለውን የጠፈር ጣቢያ ተሸክሞ ከፍሎሪዳ የተነሣው የሳተርን 5 ሮኬት፣ አምስት የጄ-2 ሞተሮች የተገጠሙለት ሁለተኛው ክፍሉ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ እስኪደርስ ድረስ እየነደደ ስለ ወጣ፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖችን ከአተሞች በሚለይበት በአዮኖስፌር ውስጥ ይህን ተን በብዛት አፈሰሰ። በዚያ ከፍታ ብቻውን የሚንሳፈፍ የኦክስጅን አዮን ኤሌክትሮንን መልሶ ለመያዝ እጅግ ይዘገያል፤ የውሃ ወይም የሃይድሮጂን ሞለኪውል ሲያገኘው ግን ፈጥኖ ሞለኪውላዊ አዮን ይወለዳል፣ ይህም ኤሌክትሮንን ወዲያው ይውጣል።

በዚህም ምክንያት 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ራዲየስ ባለው የሰማይ ክፍል የኤሌክትሮኖች ብዛት ወደ ግማሽ ወርዶ ለ4 ሰዓት ያህል ቆየ። ተመራማሪው ማይክል ሜንዲሎና ባልደረቦቹ ይህን የደረሱበት፣ ከሳተላይት ወደ ማሳቹሴትስ ይወርድ የነበረው የሬዲዮ ሞገድ በጉዞው ላይ የሚያሳየውን መጠምዘዝ በትዕግሥት ከሚለካ ጣቢያ መዝገብ ነው፤ ማንም ያላቀደው ፈተና እንዲህ ያለ ግልጽ መልስ መስጠቱ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የቻሌንጀር መንኮራኩር ሞተሮች፣ ይኸው ሁኔታ እንዲመረመር ሲባል፣ ከምድር መመልከቻ ጣቢያዎች በላይ ታስቦበት እንዲነድዱ ተደረገ።