በኅዳግ ላይ የቀረው ታሪክ፦ የጎንደር ብራናዎችና የኮምፒውተር ንባብ

የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒውተር ለማስነበብ የሚደረገው ምርምር ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ወርቁ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ርእስ የማስተርስ ጥናቱን አቀረበ። ሚሊዮን መሸሻ የታተሙ ሰነዶችን በማስነበብ ሥራውን ገፋበት፤ ያረጋል አሳቢ ደግሞ በስዊድን ሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ወደ እጅ ጽሑፍ ተሻገረ። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 መካተቱ ለሁሉም የጋራ መሠረት ሆነ። ጥንታዊው ብራና ግን ከዚህ ጥረት ዳር ቆይቶ ነበር።

ይህን የለወጠው ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ በ2023 ይፋ ያደረጉት ኤችኤችዲ-ኢትዮፒክ የተባለ የመረጃ ስብስብ ነው። ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉ 1,700 ያህል ገጾች የተወሰዱ 80,000 ገደማ የመስመር ምስሎችን ከነንባባቸው ይዟል። ማሽኑ የሚማረው ከ19ኛውና ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ነው። ማሽኑ ከሚመዘንባቸው ሁለት ፈተናዎች አንዱ ግን 16,000 ያህል መስመሮች ያሉትና ሙሉ በሙሉ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የተወሰደ ነው። ገጾቹ ሁሉ ከጎንደር የወጡ ናቸው ማለት አይደለም፤ ዘመኑ ግን የጎንደር ነው፤ የእነ እቴጌ ምንትዋብ፣ የእነ መምህር ኤስድሮስ ዘመን።

የማሽኑ ስሕተት በዚህ ፈተና ላይ ይጨምራል። ጉልሕ የሚባለው የዘመኑ አጣጣል ትልቅና ጥርት ያለ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ግር ሊለው ይችላል። ነገሩ የሚገባው አሠራሩ ሲታይ ነው። ማሽኑ የሚጠቀምበት ኒውራል ኔትወርክ የመስመሩን ምስል ከዳር እስከ ዳር እየቃኘ በየደረጃው የትኛው ፊደል ሊሆን እንደሚችል ግምት ይሰጣል፤ ግምቱም ከዚህ በፊት ባያቸው እጆች የተቀረጸ ነው። በእኛ ፊደል ካዕብን ከሣልስ የሚለየው የአንዲት አጭር ቅጥያ ቦታ ነው፤ ያቺን ቅጥያ ሌላ ዘመን ሌላ ቦታ ላይ ሲጥላት፣ ወይም ቀለሟ ሲደበዝዝ፣ ግምቱ ይስታል። ለዓይን ያማረ ጽሑፍ ለማሽኑ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህ ይልቃል፤ ይኸውም ማሽኑ እንዲያነብልን የምንፈልገው ምኑን ነው የሚለው ነው። መዝሙረ ዳዊትን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልገንም፤ በቃሉ የሚደግመው ሞልቷል። የጎንደር ብራናዎች ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር የያዙት በኅዳጋቸውና በባዶ ቅጠሎቻቸው ላይ ነው። በወንጌሉ ዳርቻ የርስት ሽያጭ፣ የጉልት ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ ሰፍሯል፤ ሻጭና ገዥ፣ ዋስና ምስክር፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ ተጽፏል። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ በ2000 ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ኅብረተሰብ ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ሰነዶችን በሰፊው ተጠቅሟል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የቤጌምድር ሴቶች በንብረትና በሙግት የነበራቸውን ቦታ ያሳየንም ከእነዚህ መዛግብት ተነሥቶ ነው። ዜና መዋዕል የማያነሣቸው ሴቶች በኅዳጉ ላይ ርስት ገዝተው፣ ተሟግተው እናገኛቸዋለን።

ይህ ጽሑፍ ደግሞ ለማሽን እጅግ አስቸጋሪው ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ መስመሩ ይጣመማል፤ በአንድ ገጽ የተለያየ ዘመን እጆች ይፈራረቃሉ፤ ግእዝና አማርኛ ይቀላቀላል። በዳዊት ላይ የሳተ ፊደል ቢኖር ማንኛውም ዲያቆን ያርመዋል። በሽያጭ ሰነድ ላይ የስም አንድ ፊደል ከሳተ ግን አንዲት ባለርስት ሁለት ሰው ትሆናለች፤ ስሕተቱንም ከዐውዱ ተነሥቶ የሚይዝ የለም። ስለዚህ ከመቶ ፊደል ስንቱ ተሳተ የሚለው አማካይ መለኪያ ብቻውን ለታሪክ ምርምር አይበቃም። ከኅዳግ ጽሑፍ ብቻ የተውጣጣ፣ የሰውና የቦታ ስምን ለይቶ የሚለካ ፈተና ሊዘጋጅ ይገባል።

ዝግጅቱ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ይጠይቃል፤ ሁለቱም ጎንደር አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍሎች አሉት፤ ከተማዋም የመጻሕፍት ትርጓሜና የአቋቋም መምህራን አገር ናት። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወይም ሠና ሰን በድምፅ እያመሳሰለ የሚተይብ ሰው ያዘጋጀው ንባብ ማሽኑን ጥፋት ያስተምረዋል። ቁም ጸሐፊና መሪጌታ የምርምሩ አባል ሆነው፣ ስማቸው ተጠቅሶና ተገቢው ክፍያ ተሰጥቷቸው መሥራት ያለባቸው ለዚህ ነው።

የባለቤትነትም ጉዳይ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ያኖሯቸው መጻሕፍት በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተወሰዱ፤ ከመቅደላው ስብስብ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1932 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን አንሥተው ፓሪስ አድርሰዋል። ዛሬ ቄሰ ገበዙ ካሜራ የያዘን ሰው ቢጠረጥሩ ምክንያት አላቸው። የምስሉ ሙሉ ቅጂ አስቀድሞ ለደብሩ መሰጠት አለበት፤ ያለ ደብሩ ፈቃድም ማሽን ማሠልጠኛ ሊሆን አይገባም።

በዳባትና በደባርቅ ደጋ ላሉ የገጠር አድባራት ሶፍትዌሩ ያለ ኢንተርኔት በላፕቶፕ መሥራት ይኖርበታል። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው የእርግጠኝነት መጠንም ተደብቆ መቅረት የለበትም፤ ያመነታባቸው መስመሮች ተለይተው ለመሪጌታው ቢቀርቡ፣ እርሳቸው ሁሉን ከመገልበጥ ድነው የቸገረውን ብቻ ከብራናው ጋር ያስተያያሉ፤ እርማታቸውም ለቀጣዩ ሥልጠና ይውላል።