ብሔራዊ ውትድርና በአምቦ መንገድ፤ አዋጁና ትዝታው

በደርግ ዘመን ስለ ነበረው ብሔራዊ ውትድርና የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአዋጁ ይነሣሉ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስድስት ወር እንዲሠለጥን፣ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት እንዲቈይ ያዝዛል። በጽሑፍ ሲታይ ግዴታው በዕድሜ እንጂ በሀብት ወይም በማዕርግ የሚለይ አይደለም። ይሁን እንጂ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በጊንጪ ያን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አዋጁን እምብዛም አይጠራም፤ የሚጠራው አፈሳን ነው።

የሁለቱ ስሞች ልዩነት ከኮታ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ሲታወጅ ዕቅዱ በያንዳንዱ ዙር እስከ 60 ሺህ ወጣት ለመሰብሰብ ነበር። በዕድሜው ክልል ያለው ሕዝብ ከዚህ እጅግ የበዛ ስለሆነ፣ ሁሉን የሚያስገድደው ሕግ በሥራ ላይ ሲውል የመምረጫ ሕግ ሆነ። መራጩም ጎረቤት ነበር። ቍጥሩ ከላይ ይወርዳል፤ ስሙን የሚሞላው ግን በከተማ ቀበሌ፣ በገጠር የገበሬ ማኅበር ነው። ሊቀ መንበሩ የማንን ልጅ እንደ ላከና የማንን እንዳስቀረ የሚያውቅ መንደር በደሉን በመንግሥት ላይ ብቻ አይቈጥርም። ኮታው ሳይሞላ ሲቀር ወጣቱ ከገበያና ከመንገድ እየታፈሰ ይወሰድ ነበር፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅም ይገኝበታል።

የቀድሞው ክተት ሲታወጅ ዘማቹ ስንቁን ይዞ ከአገሩ ሹም ጋራ ይሄድና ዘመቻው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ክተትም ቢሆን በፈቃድ የቆመ አልነበረም፤ እርሱን አሳምሮ መሳል የጸሐፊዎች ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ሆኖም ዘማቹ ከማን ጋራ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

የአምቦ መንገድ ለወታደር እንግዳ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኰንኖች ያስተማሩበት የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ገነት ተከፍቷል። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም በተጠራው በታጠቅ ሰፈር እጅግ ብዙ ሚሊሺያ ሠልጥኗል። በሆለታ መኰንን መሆን የሚመኙት ነገር ነበር፤ ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ ግን በዚያው መንገድ ዳር ወታደር የጫነ መኪና ሲታይ ወጣቱ ይሸሽ ጀመር። የሠራዊቱ የትእዛዝ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር የገጠር ልጅ የመሣሪያውን ክፍሎች ስምና አዲሱን ቋንቋ ባንድነት መማር ነበረበት። ከተመለሱት መካከል ከውትድርና ያተረፉት ይህን ቋንቋ ብቻ እንደ ሆነ የሚናገሩ አሉ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተበተነ። በፈቃዱ የተቀጠረውም ከገበያ የታፈሰውም «የደርግ ወታደር» በሚል አንድ ስም ተጠራ። ተመላሾቹ ራሳቸው ግን በሌላ ነገር ይለያያሉ፤ ይኸውም በዙር ነው። አንደኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር ይባባላሉ፤ ዓመተ ምሕረቱን የማያስታውስ ሰው እንኳ ዙሩን አይስትም። ስለዚህ የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪ «በስንት ዓመተ ምሕረት ሄድህ?» ብሎ ቢጠይቅ ግምት ያገኛል፤ «ስንተኛ ዙር ነህ?» ቢል ግን የተወሰደበትን ቦታ፣ አብረው የታፈሱትን ልጆችና ዝርዝሩን የጻፈውን ሰው ጭምር ይሰማል።