እስከ ጉልበት የሚያሰጥም በረዶ

በኮሎምበስ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኢስተን አካባቢ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ሲጥል በኢትዮጵያውያን ቤት የምትደጋገም አንዲት አባባል አለች፤ «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» የምትል። ወላጅ እዚህ ለተወለደ ልጁ ይላታል፤ ቀድሞ የመጣ ለአዲስ መጤ ይላታል። አባባሏን ያመጣት ናፍቆት ስለሆነ አትነቀፍም። ታሪክ ግን አይደግፋትም። ስለ ስሜን ተራሮች ከሚናገሩት ጥንታዊ ጽሑፎች ቀዳሚው የሚያወራው ስለ በረዶ ነው፤ ያውም ሰው በእግሩ ስለሚሄድበት በረዶ።

ጽሑፉ ተቀርጾ የነበረው አዱሊስ ወደብ አጠገብ በቆመ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሒምያር ሊዘምት ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ እዚያ ደረሰ። የአዱሊስ ገዥ በንጉሡ ትእዛዝ ጽሑፉን እንዲገለብጥለት ጠየቀው። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ የቀረልን የኮስማስ ግልባጭ ነው። የጽሑፉ መጀመሪያ ስለጠፋ የንጉሡ ስም አይታወቅም። ከካሌብ በብዙ ዘመን የሚቀድም የአክሱም ንጉሥ መሆኑ ግን ግልጽ ነው። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲቆጥር ከወንዙ ማዶ ያሉትን የስሜን ሰዎች ይጠቅሳል። ወንዙን ዓባይ ይበለው እንጂ አቀማመጡ የሚያመለክተው ተከዜን ነው። አገራቸውን ሲገልጽ፣ ለመውጣት የሚያዳግት፣ ብርድና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበት ተራራ ይለዋል።

«እስከ ጉልበት» የምትለውን ልኬት ልብ ማለት ያሻል። ድሉን ለሚያስቆጥር ንጉሥ «ብዙ በረዶ» ማለት በበቃው ነበር። በጉልበት የሚለካው ግን በረዶው ውስጥ የገባ እግረኛ ነው። ቃሉ ከወታደሮቹ አፍ ወጥቶ እስከ ዙፋኑ የደረሰ ይመስላል።

ይህ ምስክርነት በኋላ ዘመን ተጠራጣሪ አላጣም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የስሜንን በረዶ ጠቅሶ ነበር። ከእርሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር ያለፈው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ግን በስሜን በረዶ አላየሁም አለ። ዝናው ትልቅ ስለነበር ቃሉ ክብደት ነበረው። በ1809 እና 1810 ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ግን ተራሮቹን ነጭ ለብሰው አያቸው። የብሩስንም ስሕተት ምክንያት አስረዳ፤ ብሩስ የሄደው በግርጌው ነበር። ወደ ላይ ያልወጣ ሰው ያላየውን እንደሌለ ቆጠረው።

በ1841 ደግሞ ፌሬ እና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ራስ ዳሽን ጫፍ ወጡ። 4,550 ሜትር ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ ጫፍ ላይ በጽሑፍ የተመዘገበ የመጀመሪያው መውጣት የእነርሱ ነው። «የተመዘገበ» የሚለው ቃል መጥበቅ አለበት። በተራራው ላይ፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአሮጌ ምሽግ ፍርስራሽ አለ። ምሽጉን የሠሩት ሰዎችም ሆኑ በዚያ ከፍታ ከብት የሚያግዱ እረኞች የስሜን በረዶ መኖር አለመኖሩን እንዲመሰክሩ የጠየቃቸው አልነበረም።

ቋንቋውም ይመሰክራል። ግእዝ በረድን፣ አስሐትያንና ሐመዳን ለይቶ ይጠራል። አማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣሩንም ብናኙንም «በረዶ» ብሎ ጠቀለለው፤ ሐመዳ ግን «አመዳይ» ሆኖ በማለዳ ሣር ላይ ቀረ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ወደ ላይ የሚቆጥረው ገበሬም የመጨረሻውን እርከን «ውርጭ» ብሎታል። በዚህ ቆጠራ ብርድ የሚገኘው በመውጣት ነው።

ኦሃዮ ይህን ቆጠራ ታፈርሰዋለች። ኢስተን ከባሕር ጠለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኦሃዮ ከፍተኛ ቦታ፣ ከኮሎምበስ በሰሜን ምዕራብ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ የሚርቀው ካምቤል ሂል፣ 472 ሜትር ነው። በሙቀቷ የምትታወቀው ሁመራ እንኳ 600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትበልጠዋለች። በኢትዮጵያ ገበሬ ስሌት የኦሃዮ ጣሪያ በረሃ በሆነ ነበር። ልዩነቱ ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው፤ ስሜን 13ኛው ዲግሪ ላይ ነው፣ ኮሎምበስ 40ኛው ላይ። የስሜን ብርድ የከፍታ ነው፤ ሌሊት ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ይሄዳል። የኢስተን ብርድ የወቅት ነው፤ ሲመጣ ለወራት ይቀመጣል።

በረዶ ላይ መራመጃው ስኖውሹ የስሜን ሰው እግር ላይ ያልታየበት ምክንያትም ከዚሁ የሚመጣ ይመስላል። ስኖውሹ ሲታይ ባዕድ ዕቃ አይደለም፤ የታጠፈ የእንጨት ክፈፍ በጠፍር ይጠለፋል፣ እንደ ጠፍር አልጋ። ሥራውም ቀላል ነው፤ የሰውን ክብደት እንደ ሰፌድ ሰፋ ባለ ገጽ ላይ በትኖ እግር እንዳይሰጥም ያደርጋል። በጣሊያን ተራሮች ግግር ውስጥ የተገኘው አንዱ ወደ 5,800 ዓመት ዕድሜ አለው። በሰሜን አሜሪካ ክሪና ኦጂብዌ የመሰሉ ነባር ሕዝቦች ክረምቱን ሙሉ አደን የሚወጡት በእርሱ ነበር። ጠፍርማ ስሜንም ነበር። ያልነበረው ሳምንታት የሚቆይ በረዶ ነው፤ ነገ ለሚቀልጥ ማን ጫማ ይጠልፋል?

በመካከለኛው ኦሃዮም ቢሆን ስኖውሹ የሚፈልግ በረዶ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከ15 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ተራ ቡትስ ይበቃል። ሲመጣ ግን አይቀለድበትም። በጃንዋሪ 1978 የወረደው ዐውሎ በኦሃዮ 51 ሰው ገድሏል። ማንስፊልድ አጠገብ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መኪናው በበረዶ ተቀብሮ ስድስት ቀን ከቆየ በኋላ በሕይወት ወጥቷል።

ካምቤል ሂል ላይ መውጣት ማንንም አያስመካም። ከ1951 እስከ 1969 የአየር ኃይል ራዳር ጣቢያ ነበር፤ ዛሬ የሙያ ትምህርት ቤት ቅጥር ነው። ዋጋው ሌላ ነው። በበረዶ ዘመን ከሰሜን የመጣው ግግር እዚህ ከፍታ ጋር ሲጋጠም ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ክንፍ በዛሬዋ ኮሎምበስ ላይ አልፎ ምድሯን ደልድሎ ሄደ። በዚያው ዘመን በስሜን ጫፎችም፣ በራስ ዳሽንና በቧሂት፣ ትንንሽ ግግሮች ተኝተው ነበር፤ እየገፉ የከመሩት ድንጋይ ዛሬም ይታያል።

እንግዲህ በኢስተን ለሚያድግ ልጅ የሚነገረው ታሪክ ሊታረም ይችላል። አያቶቹ በረዶን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ያውቁት የነበረው ግን ተራራ ወጥተው ነው፤ አንዳንዶቹም ጦር ተሸክመው። ልጁ ያለ ስኖውሹ አንድ እርምጃ ወደ ጥልቁ በረዶ ገብቶ እስከ ጉልበቱ ቢሰጥም፣ ለዚያ ልኬት አዱሊስ ላይ የተጻፈ ቀዳሚ አለው።