አምፖሏን አትንቀሉ!

የዘመዴ የድሮ ቶዮታ የኤቢኤስ መብራት በርቶ አልጠፋም አለ። ጋራዥ ስንወስደው መካኒኩ «ችግር የለውም፣ አምፖሏን ነቅለን እንገላግላችሁ» አለን። እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን ከመኪና በፊት በአውሮፕላን ነው የተለመደው። የእንግሊዙ ደንሎፕ በ1950ዎቹ የሠራው ማክሳሬት ሜካኒካል ስለነበር የሚበጠስ የሴንሰር ሽቦ አልነበረውም። ለመኪና ግን ኤሌክትሮኒክስ አስፈለገ። የመጀመሪያው ሙከራ ወደ 1,000 የሚጠጉ ክፍሎች ነበሩት፤ ይህ ሁሉ መኪና ላይ ሲንቀጠቀጥ የት ይደርሳል? ዲጂታል ሲመጣ ቁጥሩ ወደ 140 ወረደና እ.ኤ.አ. በ1978 የቦሽ ኤቢኤስ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ተገጠመ።

ኮምፒውተሩ ራሱን ይፈትሻል። ጉድለት ካገኘ ኤቢኤሱን አጥፍቶ መብራቷን ያበራል። ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ግን ዝናብ ላይ በድንገት ከረገጥከው ጎማው ይቆለፍና መሪው አይታዘዝም። አምፖሏን መንቀል እንግዲህ ምስክርን ማባረር ነው።

በእኛዋ ቶዮታ የመመርመሪያ ሶኬት ላይ «ቲሲ» እና «ኢ1» የተባሉትን በቁራጭ ሽቦ አገናኘን። መብራቷ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለች፣ ትንሽ ቆይታ ሁለት ጊዜ። 32፤ የፊት ግራ ጎማ ሴንሰር ማለት ነው። ሴንሰሩን በመልቲሜትር ስንለካው ገመዱ ሲነካ ንባቡ ይጠፋል፣ ሲለቀቅ ይመጣል። ጎማው ሲታጠፍ እያሻሸው ውስጡ ተበጥሷል።

ገመዱ ተቀየረ። መካኒኩም ኮዱን በስልኩ ፎቶ አነሳው።