ሌሊት የምትገዛው ዴንግ

ቻይናውያን በሰማንያዎቹ ዓመታት አንድ ቀልድ ነበራቸው። ቀን ትልቁ ዴንግ ይገዛል፣ ሌሊት ትንሿ ዴንግ ትገዛለች ይሉ ነበር። ትልቁ መሪያቸው ዴንግ ዢያኦፒንግ ናቸው። ትንሿ ደግሞ የውጪው ዓለም ቴሬሳ ቴንግ የሚላት ዘፋኝ፣ ዴንግ ሊጁን ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

እኔን የሚገርመኝ፣ ሹማምንቱ ያን ያህል የፈሯቸው ዘፈኖቿ ፖለቲካ የሚባል ነገር የሌለባቸው መሆኑ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ አንድ ግጥም በባለሥልጣን ተፈራ ከተባለ ተማሪዎቼ ‹‹ወርቁ የታለ?›› እያሉ ቁፋሮ ይጀምሩ ነበር። እዚህ ቢቆፈር ወርቅ የለም። ጨረቃ፣ ናፍቆት፣ የሄደ ወዳጅ፣ በቃ! ያስፈራው ሰሙ ራሱ ነው።

በባህል አብዮቱ ዘመን፣ ከ1966 እስከ 1976፣ እዚያ አገር የሚዘፈነው ስለ ፓርቲውና ስለ ሊቀመንበሩ ነበር። ዘፋኙ ደረቱን ነፍቶ ‹‹እኛ›› ይላል። ከዚያ በኋላ ከሆንግ ኮንግ በሻንጣ የገባ ካሴት ተከፈተና አንዲት ሴት በለሆሳስ ‹‹እኔ›› እና ‹‹አንተ›› አለች። ጆሮ ሥር እንደሚነገር ምስጢር። ካሴቱ ከካሴት እየተገለበጠ፣ ድምፁ እስኪሻክር ዞረ። በግልባጭ ካሴት ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሹማምንቱ እንዲህ ያለውን ዘፈን ‹‹ቢጫ›› አሉት፤ በቻይንኛ ቢጫ ብልግና ማለትም ነው። በ1982 ቢጫ ዘፈን እንዴት እንደሚለይ የሚያስተምር መጽሐፍ ሳይቀር ታተመ። መቼም እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጻፈው ሕዝቡ መለየት አቅቶት አይመስለኝም። ለይቶ ስለወደደው ነው።

ሴትዮዋ ግን ፖለቲካ ከሩቅ የምታውቅ አልነበረችም። አባቷ በ1949 ከተሸነፈው የብሔርተኞች ጦር ጋር ወደ ታይዋን የተሻገሩ ወታደር ነበሩ። እሷ እዚያው በ1953 ተወለደች፤ ገና በልጅነቷ ትምህርቷን አቋርጣ መድረክ ላይ ወጣች፤ በ1974 ጃፓን ውስጥ በአዲስ ድምፃዊነት ተሸለመች። በ1979 ደግሞ በኢንዶኔዥያ ፓስፖርት ቶኪዮ ስትገባ ተይዛ ታሰረች፣ ተባረረችም። ጃፓን በ1972 ከታይዋን ጋር ግንኙነቷን አቋርጣ ስለነበር በታይዋን ፓስፖርት መንቀሳቀስ አሳር ነበር።

ታይዋን የወታደሮች ፍቅረኛ አለቻት። ከዋናው ቻይና አፍንጫ ሥር ባለችው በኪንመን ደሴት 48 ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት የኮንክሪት ግንብ አለ። ዘፈኖቿ ከዚያ ባሕሩን ተሻግረው ማዶ ላለው ወታደር ይለቀቁለት ነበር። የፍቅር ዘፈን ከመድፍ ጎን ተሰለፈ እንግዲህ! አንዱ መንግሥት ይከለክላል፣ ሌላው ያስጮኻል፤ ስለ ዘፈኑ ጉልበት ግን ሁለቱም ተስማምተዋል።

በአደባባይ ወግና የወጣችበት ቀን ሜይ 27፣ 1989 ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለቲያናንመን ተማሪዎች ድጋፍ በተዘጋጀው ትልቅ ኮንሰርት፣ ወታደራዊ አገዛዝን የሚቃወም ጽሑፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ዘፈነች። ከሳምንት በኋላ ታንኮቹ ቤይጂንግ ገቡ። በወላጆቿ አገር መድረክ አንድም ቀን ሳትቆም በ1995 ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ከተማ ውስጥ አስም ተነሥቶባት በ42 ዓመቷ ሞተች።

ታይዋን ሣጥኗን ባንዲራ አልብሳ ቀበረቻት። ከመቃብሯ አጠገብ በእግር ሲረገጥ የሚጮኽ ግዙፍ የፒያኖ ገበታ ተሠርቷል። በ2008 የዋናው ቻይና ጎብኚዎች በቡድን ታይዋን እንዲገቡ ሲፈቀድ ብዙዎቹ ወደዚያ ጎረፉ። በራቸውን ዘግተው ያዳምጧት የነበሩት ሸምግለው መጥተው ቁልፎቹን በጫማቸው ይረግጡ ነበር።